አባዬ የጠጣበት ኩባያ

ቧንቧ ውሃ ሰፈር በእናቴ ቤት ጠርዙ የተላላጠ ሰማያዊ የብረት ኩባያ አለ። በልግ ገብቶ ጣሪያው መንኳኳት ሲጀምር ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ እሱ ነው።

ልጅ እያለሁ የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ሲወርድ አባዬ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን ያስመታ ነበር። «ረህመት ነው፣ የአላህ ምሕረት» እያለ በዚያ ኩባያ ይቀበልና ሁላችንንም ፉት ያሰኘናል። አንድ ዓመት ግን ዝናቡ የመጣው አባዬ ሰኞ ገበያ፣ ሱቁ እያለ ነው። እኔ የአስር ዓመቷ ልጅ ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ኩባያውን ግቢ አስቀምጬ ሞላሁና ለሁለት ዓመቱ ወንድሜ ለአሊ ሰጠሁት። ፉት አላለም፤ ግማሹን ጠጣው። የቀረውን መደርደሪያ ላይ አኖርኩለት።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። ሩቅ አገር የኑክሌር ጣቢያ መፈንዳቱን ከሬዲዮ ሰምተን ነበር፤ ስልኳ ላይ የመጣላት መልእክት ደግሞ መርዙ ከደመናው ጋር ስለመጣ ዝናቡ እንዳይነካችሁ ይላል። እናቴ አሊን አቅፋ በሩን ዘጋች። እኔ አሊ መጠጣቱን አልተናገርኩም።

አጎቴ ሰይድ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ጨረር የሚለካ መሣሪያ ይይዝ ነበር። እናቴ ደውላለት አስፈቅዶ በሚኒባስ ይዞት ሲደርስ ዝናቡ ገና አላቆመም። ግቢ ያለውን የውሃ በርሜል ክዳን በጨርቅ ጠርጎ መሣሪያውን ወደ ጨርቁ ሲያስጠጋው፣ አልፎ አልፎ ብቻ ጠቅ ይል የነበረው ነገር ይንጣጣ ጀመር።

«ሰይድ፣ ተናገር እንጂ» አለች እናቴ።

«አዲስ የወረደ ዝናብ ሁሌም ትንሽ እንዲህ ይላል፤ ተፈጥሮው ነው፤ እሱ ቶሎ ይጠፋል፣ የጣቢያው መርዝ ግን ቶሎ አይጠፋም። አንድ ሁለት ሰዓት እንጠብቅ። ከቀነሰ ወላሂ ምንም የለም።»

«ካልቀነሰስ?»

አጎቴ መሣሪያውን እንደገና ወደ ጨርቁ አስጠጋው። ለቅሶዬ ያመለጠኝ ያኔ ነው። «አሊ ጠጥቷል፤ እኔ ነኝ ያጠጣሁት» ብዬ ኩባያውን አሳየሁ። እናቴ አልመታችኝም፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። የአሊን አፍ በሻሿ ጫፍ ደጋግማ ትጠርግ ጀመር።

አባዬ በስብሶ የገባው እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም ነገሩት። ዛሬ አለቀልኝ ስል ኩባያውን አነሳና «ቢስሚላህ» ብሎ የቀረውን ጨለጠው።

«ምን ነካዎት?» አለ አጎቴ።

«ልጄ የጠጣውን ነው የጠጣሁት» አለና አጠገቤ ተቀመጠ። ባዶውን ኩባያ በሁለት እጁ ጨብጦ ዓይኑን ከመሣሪያው ላይ አልነቀለም። አባዬ ሲፈራ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

አጎቴ በየጊዜው መሣሪያውን ወደ ጨርቁ ያስጠጋል፤ እኛ እናዳምጣለን። ድምፁ ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ እንደ መጀመሪያው አልፎ አልፎ ብቻ ጠቅ ሲል አጎቴ «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ እናቴ የአሊን አፍ መጥረጓን ተወች።

አሊ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፤ ይህን ሳወራለት ይስቅብኛል። አባዬ ግን የለም። አሁን ስልኬ ላይ የሚያስፈራ መልእክት በየቀኑ ይመጣል፤ እውነት ውሸቱን የሚያጣራልኝ አላጣሁም። ያጣሁት እስኪጣራ ድረስ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አብሮኝ የሚፈራ ሰው ነው።