ጋሼ ካሳሁን እና ያቺ ከተማ

ጋሼ ካሳሁን እዚህ በሰው አገር፣ ሪከንባከር በሚባለው ሰፈር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ የሚያነሳውን ፎርክሊፍት ሲነዱ ኖረው ባለፈው ዊንተር አረፉ። በእረፍት ሰዓት ሌላው ስልኩን ሲነካካ እሳቸው በተጣለ ወረቀት ጀርባ ይጽፉ ነበር፤ የሌለ አገር ታሪክ፣ ወንዙ የሚናገር፣ ተራራው ቦታ የሚቀይር። ዋይትሆል ሰፈር ባለው አፓርታማችን ይህን የማያውቅ የለም። ደረጃው ላይ ካገኙኝ "ሮሃ፣ ዛሬ ድልድዩን አፈረስኩት" ይሉኝ ነበር። የልጄን ዳይፐር እንደተሸከምኩ ቆሜ እሰማቸው ነበር።

መጽሐፉ ሳያልቅ ሞቱ። ባለቤታቸው እትዬ ጽጌረዳ የቸርች ማስታወቂያ ታይፕ እንደማደርግ ስለሚያውቁ ወረቀቱን በፌስታል አጭቀው አመጡልኝ።

"የቦታዎቹ ስም ይለያያል፤ አንድ አድርጊልኝ" አሉኝ።

ወንዙ ሁለት ስም ነበረው፤ ብዙ ጊዜ የጻፉትን ወሰድኩ። ተራራውንም እንዲሁ። ያስቸገረችኝ መንገዱ ሁሉ የሚያመራባት ከተማ ናት። መጀመሪያ ላይ አምባ ሄራን ትባላለች፤ ሄራን ልጃቸው ናት። ከመሃል ጀምሮ ግን ስም የላትም፣ "ያቺ ከተማ" ብቻ።

ምክንያቱን ሕንፃው ሁሉ ያውቀዋል። ሄራን ሽማግሌ ሳይላክ ኮርት ሄዳ ፈርማ አገባች። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ስሟን ጠርተው አያውቁም። "ያቺ ልጅ ደወለች?" ይሉ ነበር። እትዬም "ያቺ ልጅ ደህና ናት" ብለው ይመልሱ ነበር።

"ሁሉንም አምባ ሄራን በይው" አሉኝ እትዬ። "ታትሞ ስሰጣት፣ አባትሽ ይቅር ብሎሻል እላታለሁ።"

እኔም እናት ነኝ። ማንን ይጎዳል ብዬ ሁሉንም ቀየርኩት።

ቅዳሜ ዕለት ልጄን ይዤ እትዬ ቤት እያለሁ ሄራን መጣች። ጃኬቷን ሳታወልቅ ታይፕ ያደረግኩትን ከስልኬ ላይ አነበበች።

"ማሚ፣ እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው የጻፈው?"

"አዎ፣ ልጄ።"

"ፔፐሩን አሳዩኝ።"

እትዬ እኔን አዩኝ። ምን ላድርግ፣ ፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጋሼ ከታመሙ በኋላ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር የመጨረሻዎቹ ገጾች ገና ሲታዩ ያስታውቃሉ። ሄራን እነሱን ለይታ አወጣች።

በእነዚህ ገጾች ላይ የታሪኩ መንገደኞች ደክሟቸው በሩ ላይ ደርሰዋል። ዘበኛው "የከተማዋን ስም ካልጠራችሁ አትገቡም" ይላቸዋል። "ያቺ ከተማ" ይሉታል። በሩ አይከፈትም። ጽሑፉ እዚያ ላይ ያቆማል።

"አውቆታል እኮ" አለች ሄራን። "ምን እንደቀረው ያውቅ ነበር።"

"እኔ ጨረስኩለት አይደል ታዲያ?" አሉ እናቷ።

"አንቺ ጠራሽኝ እንጂ እሱ አልጠራኝም። እንደነበረው መልሺው ሮሃ።"

"እኔስ መቼ ጠራሁሽ?" አሉ እትዬ ቀስ ብለው። "እሱን ላለማስከፋት ስል ያቺ ልጅ ስልሽ አይደል የኖርኩት።"

 እኔ ልጄን እትዬ ጭን ላይ አስቀምጬ ስልኬን ያዝኩ። መጽሐፉ ቢያንስ ከጋሼ እጅ እንደወጣ ይታተማል ብዬ አሰብኩ። ከመሃል ጀምሬ አምባ ሄራንን እያጠፋሁ ያቺ ከተማ እያልኩ መለስኩ። ሄራን ከኋላዬ ቆማ፣ ስሟ ያመለጠኝ ቦታ ሲኖር "እዚህም አለ" እያለች በጣቷ ታሳየኝ ነበር።