ከጋኑ ታች የቀረው ገብስ

አባቴ በዕድሜው ሁለት ነገር ንቆ ነው የኖረው፤ ቀጠሮ የማያከብር ሰውና አጭር ገብስ። ቀጠሮ የማያከብረውን ሰው ይቅር ሲል አይቻለሁ። ቶሎ ደርሶ ከጉልበት የማያልፈውን አጭሩን ገብስ ግን «ይኸስ ሣር ነው» ይለው ነበር። በጎረቤት ማሳ ዳር ሲያልፍ እንኳ ፊቱን ያዞር ነበር።

የእሱ ገብስ ነጩ ነበር። ከአርብ ገበያ ከተማ ሁለት ሰዓት ሽቅብ ተወጥቶ በሚገኘው ማሳችን፣ በመስከረም መጨረሻ ደረቴ ድረስ ይመጣ ነበር። እሸቱን ከነዛላው በእሳት ለብልበን፣ በመዳፋችን አሽተን እንበላዋለን። ያ ሽታ በጣም ይናፍቀኛል። አሁን አርብ ገበያ አስተማሪ ነኝ፤ ገበያ በዋለ ቁጥር ሆን ብዬ በእህል ተራ በኩል አልፋለሁ። እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ነጭ ገብስ ጊዜ ይፈልጋል። በግንቦት ተዘርቶ፣ ጥቅምትን ተሻግሮ ነው የሚታጨደው። ዝናቡ ግን እንደ ድሮው አይጠብቀውም፤ ሐምሌ ላይ እየተጎተተ ይመጣና አዲሱ ዓመት ሳይጠባ ይሄዳል። ገብሱ ዛላ አውጥቶ ወተት ሊይዝ ሲል ፀሐይ ያገኘዋል። ድሮ በዚያ ከፍታ የምንፈራው ውርጭን ነበር፤ አሁን የሌሊቱም ብርድ ለዘብ ብሏል። ፍሬ የቋጠረ ዛላ ያጎነብሳል፤ የእኛ ግን ዓመት ከዓመት ቀጥ ብሎ መቆም ጀመረ። አባቴ አንዱን ዛላ ቀንጥሶ በጣቶቹ ያሸዋል፤ ገለባ ብቻ ሲቀርበት እጁን አራግፎ ወደ ቤት ይመለሳል። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ አጭሩ ዞረ። እሱ አልዞረም።

ከዚያ ያ ግንቦት መጣ። በቤታችን ደንብ ዘር ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ይዘራል፣ ግማሹ አፉ በእበት በተለሰነ ጋን ይቆያል። የመጀመሪያው ቢከዳ ሁለተኛው አለ። ያን ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ሲዘንብ፣ አባቴ ጋቢውን ጥሎ ደጅ ወጥቶ ቆመበት። የድሮው ዝናብ ተመለሰ ብሎ እናቴን ጋኑን አስከፈታትና ሁለተኛውንም ግማሽ አብሮ ዘራው። እናቴ ብዙም አልተከራከረችውም፤ እንደዚያ ተደስቶ ካየችው ቆይታ ነበርና ደስታውን ማበላሸት አልሆነላትም።

ቡቃያው አምሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ሰኔ ሚካኤል እስኪያልፍ ጠብ ያለ ነገር የለም። ልጠይቃቸው ሄጄ ሳየው ጫፉ ተጠቅልሎ፣ በእጄ ስነካው ይሰበር ነበር። አባቴ ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሰማዩን እንዳልረግም ነገረኝ፤ «የቸኮልኩት እኔ ነኝ» አለ።

የተረፈው ከጋኑ ታች ያለው ብቻ ነበር። የዘር ጋን ታቹ አይጠረግም፤ ይኸም ደንብ ነው። ሁለት እፍኝ ቢሆን ነው። በቀጣዩ ዓመት አባቴ አንገቱን ደፍቶ አጭሩን ገብስ ዘራ።

አምና በፋሲካ ሰሞን ስወጣ ታሞ መደብ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ጋኑን በአገጩ አመለከተኝ።

«ያቺን ከታች ያለችውን ቁዪልኝ።»

«ዘር እኮ ነው፣ አባባ።»

በክፉ ቀን እንኳ የዘር ጋን እንደማይነካ ያስተማረኝ እሱ ነው።

«ዘር የሚባለው የሚዘንብለት ሲኖር ነው፣ ልጄ። ሳልሞት ልቅመሰው።»

እጄን ጋኑ ውስጥ ከተትኩ። ፍሬው ቀዝቃዛና ድንቡሽ ያለ ነበር። ይዤው ጓዳ ስገባ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። አጭሩ ገብስ ወዳለበት ከረጢት ተመለከተች። ገባኝ። ከዚያኛው ዘግኜ ቆላሁለት።

አባቴ በቀሩት ጥርሶቹ ቀስ እያለ ቆረጠመው። «እንዴት ነው፣ ተስማማህ?» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ።

«አየሽ፣ እህል ማለት ይኸ ነው። አጭሩ መቼ እንዲህ ይጣፍጣል?»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ልስቅ ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ። አባቴ ለገብሱ ያለቀስኩ መስሎት አጽናናኝ።

ደግነቱ አገገመ። አሁን በየሰንበቴው፣ ልጄ የመጨረሻውን ነጭ ገብስ ቆልታ አበላችኝ እያለ ያወራል። እናቴና እኔ አንተያይም።

ያልተነካው ነጩ ዘር አርብ ገበያ፣ አልጋዬ ሥር በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ አለ። ዘንድሮም ግንቦት ሲገባ ከፍቼ አሸተትኩት፤ ደመናውን አየሁ፤ መልሼ ከደንኩት። በሁለት እፍኝ ዘር ሁለት ጊዜ መሳሳት አይቻልም። አንድ ዓመት ብቻ ዝናቡ እንደ ድሮው ቢዘልቅ ግን እዘራዋለሁ፤ ደረቴ ድረስም ይመጣል። ያን ቀን አባቴ ማሳው ዳር ቆሞ ያየዋል፤ ታሞ ሳለ ዓይኑን ጨፍኖ ያጣጣመው ያው የናቀው ሣር መሆኑንም ያውቃል። ክፉኛ ይቆጣኛል። እስኪቆጣኝ እጠብቃለሁ፤ ብቻ እሱም ይቆይልኝ፣ ዝናቡም ይምጣልኝ።