በማንጠግቦሽ በቆሎ መሐል የወረዱት

ማንጠግቦሽ በቆሎዋን ስትኮተኩት ረፋዱ ላይ ሰማዩ ጮኸ። ደመና አልነበረም፤ ሰኔ ገብቶም ዝናብ ጠፍቷል። በባምባሲ ዙሪያ ባሉት የሰፈራ መንደሮች ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው ተኩስ ነው። እሷም መኮትኮቻዋን ጥላ ወደ ቤቷ ሮጠች። ባሏ ሀብቱ ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ ወደ ላይ አንጋጧል።

"ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?" አለችው።

"እስኪ እዪው" አላት።

ቀይና ነጭ የሆነ ትልቅ ጃንጥላ ሰማዩ ላይ ተንሳፏል። ከሥሩ ጥቁር ደወል የሚመስል ነገር ተንጠልጥሏል። ቀስ እያለ መጥቶ፣ አሁን እሷ ከወጣችበት በቆሎ ውስጥ ዱብ ሲል አቧራው ቤታቸው ድረስ ደረሰ።

ግማሹ መንደርተኛ ወደ ጫካ ሸሸ፤ ግማሹ ወደ ማሳው ጎረፈ። ማንጠግቦሽ በቆሎው የሷ ስለሆነ ብቻ ከጎረፉት ጋር ሄደች። ደወሉ በእሳት የተለበለበ ድስት ይመስላል፤ የተቃጠለ ብረት ይሸታል። ሰው ሁሉ ራቅ ብሎ ከቦት ሳለ ክዳኑ ከውስጥ ተከፈተ። ከአንገት እስከ እግሯ ነጭ የለበሰች ሴት እየዳኸች ወጣች፤ ተከትሏት አንድ ወንድ ወጣ። ሁለቱም መቆም አቃታቸው። ሴትዮዋ መሬት ላይ ተቀመጠችና አፈር ዘግና አሸተተች።

"መላእክት ናቸው" አለ ከኋላ አንድ ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የሳቀ አልነበረም። መንደሩ ዝናብ ፍለጋ ምህላ ከያዘ ሰንብቷል። ሽማግሌዎቹ ተንበረከኩ፤ አንዷ ሴት ነጠላዋን አውልቃ እንግዶቹ እግር ሥር አነጠፈች። ከዚያ ሌላውም እየተከተለ ወደቀ።

ማህጁብ ብቻ አልተንበረከከም። ማህጁብ ከወንዙ ማዶ ማንጎ የሚነግድ የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛ ሲናገር ሴትና ወንድ አይለይም።

"ይሄ ሰው ነው፣ ወላሂ" አላት ለማንጠግቦሽ፣ ሴትዮዋን በአገጩ እያሳየ። "እኔ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። እሱ ታሟል። ውሃ ስጠው።"

ማንጠግቦሽ ሮጣ ውሃ በጆግ ይዛ መጣች። ስትደርስ ሴትዮዋ እያስመለሳት ነው። መልአክ ያስመልሰዋል እንዴ? ጎረቤቶቿን አየች፣ ግንባራቸው አፈር ነክቷል። ሴትዮዋን አየች፣ አፏን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። በመጨረሻ አንድ ጉልበቷን መሬት አስነክታ፣ ሌላውን ሳታጥፍ፣ ጆጉን ዘረጋችላት። እየሰገደች ይሁን እያስታመመች ለራሷም አልገባትም።

ሴትዮዋ በሁለት እጇ ይዛ ስትጠጣ ማንጠግቦሽ ያልጠበቀችው ነገር ትዝ አላት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በአንቶኖቭ ጭነው አሶሳ ሲያወርዷት ልጅ ነበረች። እግሯ አልሸከም ብሏት ከአውሮፕላኑ ሆድ በሰው ክንድ ነው የወጣችው። የአገሩ ሰው ዳር ቆሞ ዝም ብሎ ያያቸው ነበር። ያኔ ምን መስለናቸው ይሆን አለች በልቧ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አስባው አታውቅም።

በዚህ መሐል ሀብቱ ሰዉን እየከፈለ መጣ። ሀብቱ ትንሿ ልጃቸው ፌቨን በወባ ከሞተች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ አያውቅም፤ ምህላውም ላይ አልወጣም፤ ስሟንም አያነሳም። አሁን ባርኔጣውን አውልቆ ሴትዮዋ ፊት ቁጢጥ አለ። መዳፉን ከመሬት ከፍ አድርጎ ያዘ።

"ይህን ታክላለች" አለ። "ፌቨን ትባላለች። እዚያ አይተሻታል?" ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ።

ሴትዮዋ መዳፉን አየች፣ ፊቱንም አየች። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች፤ ወደ ሩቅ አመለከተችና አለቀሰች። ሀብቱ ጓንት የለበሰ እጇን ይዞ አብሯት አለቀሰ።

ይህን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ጠፋ። አንዱ ዝናብ ለመነ፤ አንዷ ለሥራ ጉባ ወርዶ ድምፁ ስለጠፋ ልጇ ጠየቀች፤ የታመመ ሕፃንም መጣ። ወንዱ እንግዳ አትጠጉኝ ለማለት እጁን ሲያነሳ ባረከን ብለው እልል አሉ። ማንጠግቦሽ እልል ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ ከአሶሳ ሄሊኮፕተር መጣ። ወታደሮችና ሐኪሞች ወረዱ፤ ፍሬሕይወት የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ለአስተርጓሚነት አብራ መጥታለች። አዛዡ ሰዎቹ የጠፈር ተጓዦች እንደሆኑ፣ ሲመለሱ መንገድ ስተው እዚህ እንደወደቁ አስረዳ።

"ከሰማይ ነው የመጡት ማለት ነው?" ብሎ አንድ ሽማግሌ ጠየቀ።

"አዎ፣ ከሰማይ ነው፤ ግን…" አለ አዛዡ።

ሴትዮዋን በቃሬዛ ሲያነሷት ማንጠግቦሽ ፍሬሕይወትን እጅጌዋን ያዘቻት። "እህቴ፣ ለባሌ ምን እንዳለችው ጠይቂልኝ።"

ፍሬሕይወት ጎንበስ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻትና ቀና አለች። "ልጅ አለሽ ወይ ያላት መስሏታል። አዎ፣ ያንን የምታክል ሴት ልጅ አለችኝ፣ አገሬ ሩቅ ነው፣ ካየኋት ወራት ሆነኝ፣ ነው ያለችው።"

ማንጠግቦሽ ወደ ቤት ስትመለስ እርምጃዋን አዘገየች። ብትነግረው ሰውዬው ዛሬ ያገኘውን ልትነጥቀው ነው። ባትነግረውም በውሸት ልታኖረው ነው። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ስታገኘው ግን ሳታስበው ሁሉንም ዘረገፈችለት።



"ሰው መሆኗን መች አጣሁት?" አለ ሀብቱ። "ስታስመልስ እኮ አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ጠየቅሃት?"

"ከዚያ የመጣ ሌላ ማን አለና ልጠይቅ? ደግሞ አፌ ከተከፈተ በኋላ ስሟ እምቢ ሳይለኝ ወጣ።"

አጠገቡ ተቀመጠች።

በሳምንቱ ዝናቡ መጣ፤ ነገሩንም የባሰ አወሳሰበው። መንደሩ እስከ ዛሬ ለሁለት እንደተከፈለ ነው። ማህጁብ ሰው ነው እንዳለ ነው፤ ሽማግሌዎቹም መላእክት ናቸው እንዳሉ ናቸው። ማንጠግቦሽን ሲጠይቋት "እኔ እንጃ" ትላለች፤ እውነቷን ነው።

የዝናቡ ዕለት ማታ እንቁራሪቶቹ ሲንጫጩ ሀብቱ ድንገት "ፌቨን እነዚህን እንዴት ትፈራቸው ነበር" አለ።

"የምን መፍራት" አለች ማንጠግቦሽ። "በቆርቆሮ እየሰበሰበች አልጋ ሥር ትደብቃቸው የነበረችው እሷ አይደለችም?"

"አትሳሳች፣ ትፈራ ነበር።"

"ሀብቱ፣ የማወጣቸው እኔ ነበርኩ።"

ሲከራከሩ ራቱ በረደ።