ባሕሩን ገደልኩ ያለው አባቴ

ነፋሱ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ነፈሰ። ወቅቱ የሙቀት ቢሆንም ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ ደርቦ ነበር የሚውለው። የቤታችን ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰንብቶ በአራተኛው ቀን ማለዳ ዝም አለ። ሽታው የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል፣ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ። ወደ ዳር ስንወርድ ውሃው አይታይም ነበር። ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ሆዱን ወደ ላይ ያደረገ ዓሣ ብቻ ነው። አባቴ እጄን ይዞኝ ነበር። ለቀቀኝና "እኔ ነኝ" አለ። የተናገረው ለማንም አልነበረም።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ባሕር እንለዋለን እንጂ ዙሪያውን በየብስ የታጠረ ነው። ወንዞች ይገቡበታል፤ የሚወጣ የለም። በጀልባ ለማቋረጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ጀልባ የሚያስጠጋበት ተንሳፋፊ መድረክ ነበረው፤ በባዶ በርሜሎች ላይ የተመታ ሳንቃ ነው። አንዱ በርሜል በዛገ ቁጥር አባላቱ በየተራቸው ሌላ ያመጣሉ። በዚያ ሳምንት ተራው የአባቴ ነበር። ከጥጥ እርሻው መጋዘን አንድ የተባይ መርዝ በርሜል ለምኖ አመጣና እዚያው ዳር ላይ በአሸዋ አሽቶ አጠበው። ከውስጡ ቢጫ ነገር ወጥቶ ውሃው ውስጥ ገባ። ብዙ አልነበረም፤ አንድ ጣሳ ቢሞላ ነው። ነፋሱ የተነሣው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።

ማኅበሩ ሲሰበሰብ ማንም ሳይጠይቀው ተነሥቶ ተናገረ። ማጠቡን ያየ አልነበረም። ዝም ቢል እስከ ዛሬ የሚያውቅ አይኖርም ነበር። ከማኅበሩ አስወጡት፤ ጀልባውንም ወሰዱበት። ስሙም "መርዙ" ሆኖ ቀረ።

እኔም "የመርዙ ልጅ" ሆንኩ። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ ቀን አንዲት ጓደኛዬ ከኮዳዬ ውሃ ጠጣች፤ እናቷ በትምህርት ቤቱ በር ላይ አፏን በሳሙና ስታጥባት አየሁ። በማግስቱ አልሄድኩም፤ ከዚያም በኋላ አልሄድኩም። በዚያ ሰሞን አባቴ ግቢያችን ውስጥ እንጨት ሲፈልጥ አጠገቡ ቆሜ "የገደልከው ዓሣውን ብቻ አይደለም" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ። መፍለጡን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ የሳንቃ መሸጫ ግቢ ጥበቃ ሆኖ ኖረ። ወደ ውሃው ወርዶ አያውቅም። ዓሣው በአራት ዓመቱ ተመልሶ ረባ፤ ሲነግሩት "ጎሽ" አለ። ነፋስ በበረታ ቀን ግን ከጥበቃ ቤቱ ወጥቶ በሩ ላይ ይቆም ነበር።

እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌ ሞተ፣ ልጆቼም ወጥተው ሄዱ። የዛሬ ስድስት ዓመት በባሕር ጥናት ጣቢያው ጠርሙስ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጠርሙሶቹ አንድ ቀን አሲድ ውስጥ ያድራሉ፤ ከዚያ በተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃሉ። "ሁለት ጊዜ ስንፍና ነው፣ አራት ጊዜ ብክነት" ይለኛል ጭቃ ሹም። ጭቃ ሹም የምንለው ጭቃ የሚቆርጠውን ሠራተኛ ነው። በጀልባ ወጥተው ረጅም ቱቦ ከባሕሩ ሥር ይሰኩና በጭቃ ሞልቶ ይመጣል። ጭቃ ሹም ቱቦውን ለሁለት ይሰነጥቀዋል፣ ጭቃውን በቀጭን ሽቦ እንደ ሳሙና እየቆራረጠ ቁጥር ይለጥፍበታል። ሹመቱን ያገኘው በዚህ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ፣ ጭቃውን የምትመረምረው ዶክተር ከጠረጴዛው ጠራችኝ። ወጣት ናት፤ ከሌላ ከተማ ነው የመጣችው።

"እትዬ፣ ይምጡ ይህን ይዩ። ነጩ መስመር የበጋ ነው፣ ጠቆር ያለው የክረምት። ሁለቱ አንድ ላይ አንድ ዓመት ይሆናሉ። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ወደ ኋላ እንሄዳለን።"

ጣቷ ቆም ያለበት ላይ ጭቃው ስንዝር ያህል ጥቁር ነበር። ከጥቁሩ በላይ እንደ ክር የቀጠነች፣ የዝገት ቀለም ያላት መስመር ነበረች።

"ይህ ጥቁሩ ድኝ የበዛበት ነው። የታችኛው ውሃ አየር አጥቶ ብዙ ዓመት ሲቆይ እንዲህ ይሆናል። ከዕለታት አንድ ቀን ኃይለኛ ነፋስ ይመጣና ባሕሩን ከሥሩ ይገለብጠዋል። ታች የታመቀው ጋዝ ወጥቶ ዓሣውን ያፍነዋል። የላይኛው አየር ደግሞ ታች ወርዶ በጭቃው ውስጥ ያለውን ብረት ያዝገዋል። ቀይዋ መስመር ያ ዝገት ናት።" በመቆንጠጫ አንድ ነገር አነሣች። የዓሣ ቅርፊት ነበር። "ሞተው የሰመጡት እነዚህ ናቸው።"

"መቼ ነው ይሄ?" አልኳት።

"ከላይ ሲቆጠር ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት።"

"እሱማ የመርዙ ዓመት አይደል" አለ ጭቃ ሹም። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ሽቦውን መጠቅለል ጀመረ።

ዶክተሯ አልገባትም። "አዎ፣ ሻይ ቤትም ነግረውኛል። አንድ ሰው መርዝ ደፍቶበት ነው አሉኝ። እውነት ከሆነ ምልክቱ ጭቃው ውስጥ ይቀራል ብዬ፣ ከመሐልም ከዳርም አስወጥቼ ሦስት ጊዜ ፈለግኩት። ዓሣ የሚገድል ቀርቶ ትንኝ የሚገድል የለም። ደግሞም አንዴ ብቻ አይደለም የሆነው።" ጣቷን እያወረደች ቀያዮቹን መስመሮች ቆጠረችልኝ። አሥራ አንድ ነበሩ። "ይህቺ የታችኛዋ አራት ሺህ ዓመት ይሆናታል። ምስኪን ሰውዬ። በሕይወት አለ?"

"አለ" አልኳት። "አባቴ ነው።"

ወደ መታጠቢያው ተመለስኩ። አንዱን ጠርሙስ ስንት ጊዜ እንዳለቀለቅሁት አላውቅም፤ ጭቃ ሹም መጥቶ ቧንቧውን ዘጋልኝ። ብክነት ነው አላለኝም። ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩበት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን፣ ለአንድ ደቂቃ እንኳ፣ አባቴ ጥፋተኛ ላይሆን ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። የከተማው ሰው አምኖ ነበር፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ አምኜ ነበር።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ሳንቃው ግቢ ሄድኩ። አባቴ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር።

"አባባ፣ ባሕሩን የገደልከው አንተ አይደለህም።"

"ማን አለ?"

"ጭቃው።"

"ቀልደኛ ሆነሻል" አለኝ። እንዳልሳቅሁ ሲያይ ግን ዱላውን ከእጁ አስቀመጠ። ነፋሱን፣ ድኙን፣ ዝገቱን እንደ ገባኝ ነገርኩት። ስጨርስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር የመጣሁት።

በሦስተኛው ቀን ካፖርቱን ለብሶ ጣቢያው መጣ። ጭቃ ሹም ወንበር ይዞ ሮጠ። "አባባ፣ ይቀመጡ።"

"ቆሜ ልየው።"

ዶክተሯ እርጥቡን ጨርቅ ገለጠችለት። አባቴ አጎንብሶ መስመሮቹን ሳይነካ በጣቱ ከላይ ወደ ታች ቆጠረ። አሥራ አንደኛዋ ላይ ሲደርስ "በእነዚህኞቹስ ጊዜ በርሜል ማን አጠበ?" አለ።

"ነፋስ ነው፣ አባቴ" አለችው ዶክተሯ።

"ነፋሱን አውቀዋለሁ። እኔን ፍለጋ የመጣ ይመስለኝ ነበር።" ከዚያ ከቀይዋ መስመር በላይ ያለውን አየ። "ይሄስ? ተመልሶ ጠቁሯል።"

"አዎ፤ ታችኛው ውሃ እንደገና አየር አጥቷል።"

"ይመለሳል ማለት ነዋ።"

"ይመለሳል። መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም።"

ያኔ ነው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው። "እንግዲህ ነፋሱ በሚመለስበት ሳምንት ውሃው ላይ የሆነ ነገር ያጠበ ሰው እንደ እኔ አለቀለት" አለ።

ቅዳሜ የማኅበሩ ስብሰባ ነበር፤ ይዤው ሄድኩ። አዳራሹ ያው ነው፤ ወንበሩ ብቻ ፕላስቲክ ሆኗል። ያባረሩት ሰዎች ሞተው አልቀዋል። የቀረው ያን ጊዜ ሊቀመንበር የነበረው ሽማግሌ ብቻ ነው። አባቴ ቆሞ ዶክተሯ ያለችውን ተናገረ። ወጣቶቹ ስልካቸውን አስቀምጠው አዳመጡት። ሲጨርስ ሽማግሌው በከዘራው ወለሉን መታ መታ አደረገ።

"ታዲያ ያኔ ምን አስለፈለፈህ?" አለው። "ማንም አልጠየቀህም። አንተ መርዝ ነው ብለህ ስትመሰክር ጊዜ ገበያው ዓሣችንን አልነካ አለ፤ ተርፎ የመጣው እንኳ እጃችን ላይ ሸተተ። ለዚህስ ማን ይጠየቅ?"

በዚያ ሁሉ ዓመት ካየሁት እንዲህ ያስደነገጠኝ የለም። መልስ ልሰጥ ስነሣ አባቴ እጄን ያዘኝ።

"መስሎኝ ነበር" አለ። "እውነት ነው፤ መስሎኝ ነበር።" ወደ ወጣቶቹ ዞረ። "እኔ የመጣሁት ለእናንተ ነው። ከነፋስ በኋላ ያ ሽታ ከመጣ ልጆቻችሁን ከዳር አርቁ። የሚወቀስ ሰው አትፈልጉ። ማንም መጥቶ 'እኔ ነኝ' ቢላችሁ፣ እንዳታምኑት።"

አንዱ ወጣት ጻፈው፤ ወረቀቱ አሁን የማኅበሩ በር ላይ ተለጥፏል።

ስንመለስ መንገድ ላይ "አባባ፣ ልጅ ሆኜ ያልኩህ ነገር…" ብዬ ጀመርኩ።

"ትዝ ይለኛል" አለኝ።

"ይቅር በለኝ" አልኩት።

"ብያለሁ። ቀስ በይ እንጂ፣ ጉልበቴን አየሽው አይደል።"

አባቴ ሰማንያ ዓመት ሆኖታል። ጉልበቱ አልታዘዝ ስላለው ጥበቃውን ትቷል፤ አሁን ከእኔ ጋር ይኖራል።