ደሜ ሲናገር እኔ ዝም ያልኩበት ቀን

ጌታ ይባረክ፣ ቅዱሳን! ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። ዛሬ እግዚአብሔር ያደረገልኝን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም፤ መሪያችንም ሰዓት እንዳያሳየኝ! ሃሌሉያ!

እዚሁ ሆሳዕና አስተማሪ መሆኔን ታውቃላችሁ። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ቃሉ ጠፋኝ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ፣ እኔም ተከትዬው ወደቅኩ። አዲስ አበባ ወሰዱኝና «የጭንቅላት ካንሰር ነው» ተባለ። ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ ግን ዕጢው ሙሉ በሙሉ አልወጣም። የተረፈው ንግግርን የሚመራው ቦታ ላይ ነው። «ደግመን ከከፈትነው አንደበትሽን ልታጪ ትችያለሽ» አሉኝ። የመጀመሪያው መድኃኒትም አልያዘልኝም።

ከዚያ ዶክተሩ «እህቴ፣ ካንሰር ደም ውስጥ የራሱን ምልክት ይጥላል። ደምሽን ወደ ውጭ ልከን እናስመርምር። ምልክቱ ከተገኘ ላንቺ ዕጢ የሚስማማውን መድኃኒት እንመርጣለን» አለኝ። ወገኖቼ፣ እናንተ ጾማችሁ ጸለያችሁ፤ ምልክቱ ተገኘ! መድኃኒቱም ተገኘ! ክብር ለስሙ ይሁን!

ከወራት በኋላ ደሜ ዳግመኛ ተመርምሮ ለክትትል ስሄድ፣ አማቴ ከሆመቾ መጥተው አብረውኝ ገቡ። ዶክተሩ ንግግሬን ሊፈትን ዕቃ ያሳየኝ ጀመር።

«ይሄ ምንድነው?»

«እስክሪብቶ።»

«ይሄስ?»

«መነጽር።»

ወደ አማቴ ጠቆመ። «እሳቸውስ? ስማቸው ማን ነው?»

ዝም። ደግሞ ጠየቀኝ። ዝም! እናንተ ታውቃላችሁ፣ በእኛ አገር ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። ጌታን ካገኘንም በኋላ ይሄ ነገር አልለቀቀንም! የዶክተሩ ፊት ግን ተለወጠ። «ስም ጠፍቶባታል። ዕጢው አድጎ ከሆነ ደግመን መክፈታችን ነው» አለ። ወይ ጉዴ! ልናገር ብል በድንጋጤ አፌ ተሳሰረ።

የደሙን ውጤት ገለጠና ደግሞ ግራ ገባው። «እዚህ ላይ የካንሰሩ ምልክት በጣም ቀንሷል። ታዲያ ስሙ የት ሄደ?»

«የትም አልሄደ!» ብለው አማቴ ብድግ አሉ። «ምራቴ ናት እኮ! ቤቴ ከገባች ጀምሮ ስሜን ጠርታ አታውቅም። እንዴት ዛሬ ታዋርደኝ? ሌላ ጠይቃት!»

ዶክተሩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ምላሴ ተፈታ። ጭንቅላቴን በማሽን አነሱኝ፤ ምስሉም ከደሙ ጋር ተስማማ። መድኃኒቱ ይቀጥል ተባለ። ጌታ ይመስገን!

ዛሬም መድኃኒቴን እውጣለሁ፣ ክትትሌን አላቋረጥኩም። ዕጢው ግን እየቀነሰ ነው። አንተ የታመምክ ወንድሜ፣ አንቺ የፈራሽ እህቴ፣ ለሐኪሙ ደማችሁን ስጡ፣ ልባችሁን ደግሞ ለጌታ። እሱ አይጥልም።

አማቴ ያውላችሁ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ይስቃሉ። ስማቸውን ዛሬም አልጠራም! አንደበቴን ያተረፈልኝን ስም ግን ማን ይከለክለኛል? ኢየሱስ! ኢየሱስ! እስቲ አብራችሁኝ ጥሩት!