የቀኙ እጅጌ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልብስ መስፋት የማለዳ ሥራዬ ሆኗል። ከዳሞታ ተራራ የወረደው ጉም ሶዶን ሸፍኖ ሳለ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ፣ ከተማው ሁሉ ከእኔ ጋር በእርጋታ የሚተነፍስ ይመስለኛል።

ባለፈው ክረምት ባለቤቴ ኦቶና ሆስፒታል ቀኝ ትከሻዋን ታክማ ስትመለስ ክንዷን ማንሳት ስላልቻለች፣ የምታለብሳት ልጃችን ነበረች። ይህም ከሕመሙ የበለጠ ይከብዳት ነበር። ስለዚህ የቀኙን እጅጌ ከግራው በአራት ጣት አስፍቼ፣ ከትከሻ እስከ ክርን በቁልፍ የሚከፈት ቀሚስ ሰፋሁላትና ፎቶውን በቴሌግራም ለስፌት ወዳጆች ቡድን ላክሁ።

“ጋሼ፣ ይሄ እጅጌ ነው ወይስ ጆንያ?” አለ አንዱ። ሌላዋ የአንገትጌውን መዝመም በቀይ ቀስት አመልክታ፣ “ሙሉውን ተርትረው እንደገና ይስፉት” ስትል ፈረደች። ስለ አንገትጌው እውነቷን ነበር። በቢሮ ዘመኔ ስርዝ ድልዝ ያለበት ደብዳቤ ፈርሜ አላውቅምና መተርተሪያዬን አነሣሁ።

ባለቤቴ ቀሚሱን ከእጄ ነጠቀችኝ።

“አንተ ሰውዬ፣ የሚለብሱት እነሱ ናቸው እንዴ?” ብላ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

የሳሎኑ መጋረጃ በነፋስ ሲነፋና ሲረግብ እያየሁ፣ ጊዜው የቆመ እስኪመስለኝ ጠበቅሁ። ልጃችንን አልጠራችም። በሩ ሲከፈት የመጨረሻውን ቁልፍ በግራ እጇ እየቆለፈች ብቻዋን ወጣች። አንገትጌው እንደዘመመ ነበር።

በማግስቱ ያንኑ የመሰለ እጅጌ ላለው ሁለተኛ ቀሚስ ጨርቅ ዘረጋሁ፤ አንገትጌውን ግን ሁለት ጊዜ ለካሁ።