ለእርቁ ሲባል የፈረምኩት ወረቀት

ሚስቴን የገፋኋት አንድ ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ! ይህን ለፖሊስም፣ ለዐቃቤ ሕግም፣ ለሰማኝ ሁሉ ስናገር አፌ ደረቀ። የተጣላነው ወደ ሞጣ የሥራ ዝውውር ደርሷት "እሄዳለሁ" ስትል፣ እኔ "ቢቸና ምን ጎደለሽ?" ብዬ ነው። ቃል ቃልን አመጣና ገፋኋት፤ ደጃፉ ድንጋይ ላይ በእጇ ወደቀች፤ አንጓዋ ተሰበረ። ክሱ ግን "ደጋግሞ በመምታት" ይላል። "ደጋግሞ" የምትለዋን ቃል ማን እንደሰጣቸው ልንገራችሁ? እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሳምንቱ ሽማግሌዎች አባቷ ቤት ሰበሰቡን። እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ ጎንበስ አልኩ። የዕድራችን ሰብሳቢ፣ ሰው ሲያስታርቁ ያረጁ አዛውንት፣ ቃሌን በወረቀት ያሰፍራሉ።

"አንድ ጊዜ ገፋኋት" አልኳቸው።

"ተው ልጄ" አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። "ጥፋቱን የሚያሳንስ ሰው እርቁ አይጠናለትም። ደጋግሜ መታኋት በልና አባቷ ይራሩልህ።"

"ኧረ አባባ፣ አልመታኋትም እኮ!"

"ለእርቁ ነው እንጂ ለሌላ ነው እንዴ? ይልቅ ፈርም!"

ድንጋዩ አንገቴን እየቆረጠኝ ነበር። ፈረምኩ። አባቷ ድንጋዩን አወረዱልኝ፤ ተሳሳምን፤ ተመረቅን። ሚስቴ እጇ በጄሶ ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። እሷን ማንም ምንም አልጠየቃትም።

በማግስቱ ሰብሳቢው ያንን ወረቀት ይዘው በገዛ እግራቸው ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄዱላችሁ! "ታርቀዋልና መዝገቡ ይዘጋ" ሊሉ። ዐቃቤ ሕጉ አነበበው፤ አጥንት የተሰበረበት ጉዳይ በእርቅ እንደማይዘጋ ነገራቸው፤ ወረቀቱን ግን መልሶ አልሰጣቸውም፤ ከመዝገቡ ጋር አያያዘው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይኸው ነው። በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ልናገራቸው ቤታቸው ድረስ ብሄድ ምሳ አብልተው፣ "አይዞህ" ብለው ሸኙኝ።

አስተማሪ ነኝ። ከታሰርኩ ሥራዬም አለቀለት። ቢቸና የማውቀው ጠበቃ ደግሞ የልጃችን የክርስትና አባት ነው። "የልጄን እናት በመስቀለኛ ጥያቄ ላፋጥጣት? በጭራሽ!" ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ሰው ሁሉ ሞጣ አንዲት ጎበዝ ጠበቃ አለች አለኝ። እንግዲህ አስቡት፣ ያው ሞጣ! እሷን አትሄጂም ብዬ እኔ ተመላለስኩበት። ሚኒባሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ሰብሳቢውን እረግማለሁ።

ጠበቃዋ በዕድሜ ተማሪዬ የምትሆን ልጅ ናት። ሽማግሌውን፣ ወረቀቱን፣ የክርስትና አባቱን አንድ በአንድ አማረርኩላት። "የበደለኝ ሰው ብዛቱ!" አልኳት። ሳታቋርጠኝ ስትጽፍ ቆየች።

"ባለቤትዎ ከወደቁ በኋላስ?" አለችኝ።

"በኋላማ ጤና ጣቢያ ተወሰደች።"

"ማን ወሰዳቸው?"

"ጎረቤት።"

"እርስዎስ?"

"እኔማ ሽማግሌ ልጠራ ሄጄ ነበር። ነገሩ ሳይከር ብዬ..."

እስክሪብቶዋ ቆመ። እኔም ያልኩትን ገና ያኔ ሰማሁት። መሬት ላይ ሆና እጇን ይዛ "አንሣኝ" ብላኝ ነበር። እኔ ተሻግሬያት ወጣሁ። እሷ ሳትነሣ፣ ለራሴ አማላጅ ፍለጋ። አፈርኩ፤ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

"ይህን ካልጠየቁዎት አያንሡት" አለች ጠበቃዋ፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል።

"እሺ" አልኳት።

እውነትም ጎበዝ ነበረች። ሰብሳቢውን ምስክር አድርጋ ጠራቻቸው፤ እሳቸውም "አብዛው ያልኩት እኔ ነኝ፤ የእርቅ ወግ ነው" ብለው ቃላቸውን ሰጡ። ጥፋተኛ ተባልኩ፤ ቅጣቱ ግን በገደብ ሆነና አልታሰርኩም። ወደ ክፍሌም ተመለስኩ። ከወደቀች በኋላ የት እንደነበርኩ ማንም አልጠየቀኝም።

ሚስቴ አሁን ልጃችንን ይዛ ሞጣ ትኖራለች። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ልጄን ለማየት እሄዳለሁ። ባለፈው በሩን ስትከፍትልኝ፣ ስንት ቀን ሳብሰለስለው የከረምኩትን ነገር ጀመርኩት።

"ያን ቀን ሳላነሣሽ..."

"ለእኔ ነው የምትነግረኝ?" አለችኝ። "የተሻገርከው እኮ እኔን ነው።"

ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ ልጃችንን፣ አባትህ መጥቷል፣ ጫማህን አድርግ አለችው።